የአቦ ጠበል መንገድ

እህቴን ትርፌን የገደላት ደግነት ነው ብል የሚቆጣኝ ሰው ይኖራል። ይቆጣኝ። እኔም ተቆጥቼ ነው ያረጀሁት። ጠላት አልነካትም፤ ረሃብ ከደጇ አልደረሰም። ባሏ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላት ነበር፤ የነፍስ አባቷ ከአንደበታቸው ክፉ ቃል የማይወጣ መነኩሴ ነበሩ፤ ገረዷ መሬት አታስረግጣትም ነበር። ነገሩም ይኸው ነው። መሬት አላስረገጧትም፤ እሷ ደግሞ ለመኖር መሬት መርገጥ ነበረባት።

ባሏ ደምመላሽ ወደ ሐረር የዘመተ ጊዜ፣ አንኮበር ከአፋፉ ላይ ባለችው ጎጆ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ያን ጊዜ ተራ ወታደር ነበር፤ ከአንድ ነፍጥና ከአንድ ባና በቀር የረባ ሀብት አልነበረውም። እኔ ከባሌ ተፋትቼ የእህቴ ቤት መጠጊያዬ ሆኖ ነበር። ትርፌ ልጅ አልወለደችም። ቀን ጥጧን ትፈትላለች፣ ስትተኛ “ያን ሰው በደህና መልስልኝ” ትላለች፤ ሌላ ጸሎት ስትጸልይ ሰምቼ አላውቅም።

በሽታው የጀመራት በጥማት ነው። ጠዋት የሞላሁት እንስራ ቀትር ሳይሆን ይጎድላል። “ምን በላሽ?” እላታለሁ፤ የበላችው እኔ የበላሁትን ነው። ጠጥታ ሳትጨርስ ደግሞ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ከጓሮ ተመልሳ ደግሞ ቅሉን ታነሣለች። እየበላች ከሳች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ፤ ቀለበቷ ሊጥ ስታቦካ ወልቆ ቡሖ ውስጥ ጠፋ። ተቀምጣ እንዝርቷን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል።

አንድ ጠዋት ጓሮ ብወጣ ከጌሾው ሥር ጉንዳን መንገድ አውጥቶ ይተራመሳል። ማር የደፋንበት መስሎኝ አጎንብሼ አየሁ። ማርማ ከየት ይመጣል? እሷ የምትሸናበት ቦታ ነው። ለጎረቤት አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን የአንኮበር ሴት ምን ይደበቃታል! አንዷ መተት ነው አለች፣ አንዷ የዓይን ጥላ ነው አለች፣ አንዷ ደግሞ ሽንቱን ጉንዳን የከበበው ሰው ክረምት አይደግምም፤ አጎቴም እንዲሁ ሆኖ ሞተ ብላ እፊቷ ተናገረች። ምላሷ ይቆረጥና!

አባ ወልደአረጋይ፣ የነፍስ አባታችን፣ የአቦን ጠበል አዘዙላት። የአቦ ጠበል ከእኛ በታች፣ ጽዱን አልፎ፣ ድንጋያማውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ከጅረቱ ማዶ ካለው ዋሻ ሥር የሚፈልቅ ነው። ሲወርዱት ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ሲወጡት ሳንባ ያስተፋል። መጀመሪያ ላይ ወገቧን ይዤ ነበር የምወስዳት። ድንጋይ ባየች ቁጥር ትቀመጣለች። “እናናየሁ፣ ተይኝ፤ እዚሁ ልሙት” ትለኛለች። “ሙቺ፤ ግን መጀመሪያ ተነሺ” እላታለሁ። እየሳቀች ትነሣለች።

ሱባኤዋን ጨርሳ ሌላ ሱባኤ ስትደግም ለውጡን አየሁ። ድንጋዮቹን ማለፍ ጀመረች። ከዚያ ፊት ፊቴ መሄድ ጀመረች፤ እኔ ከኋላ “ኧረ ቀስ በይ” የምል ሆንኩ። እንስራው እስከ ማታ ይቆያል። ከጌሾው ሥር ጉንዳኑ ተበተነ። አቦን አመሰገንን፤ ጎረቤትም እልል አለች፤ ያቺ ምላሳሟም አብራ እልል አለች።

ክረምት ገባ። ጅረቱ ሞላ፣ ቁልቁለቱ ጭቃ ሆነ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ገደል አልፈራምና “አንቺ ቤት ቆዪ፤ ጠበሉን እኔ አመጣልሻለሁ” አልኳት። ገንቦውን በጀርባዬ አዝዬ እየተንሸራተትኩ አመጣላት ነበር። ያንኑ ውኃ ጠጣች፣ በዚያው ውኃ ታጠበች። ነሐሴ ሳይገባ ጥማቷ ተመለሰ፤ ከጌሾው ሥር ጉንዳኑ ተመለሰ። ሰው እምነቷ ጎድሎ ነው አለ። ዝናቡ ሲያባራ “ነይ እንውረድ” አለችኝና ወረድን። እንደገና ተሻላት።

ከዚያ ወዲያ ነው ያን ነገር የተናገረችው። ከጠበሉ ስንመለስ ጽዱ ሥር ቆማ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣

“እናናየሁ፣ ጠበሉ ያው ጠበል ነው። ክረምቱን የጎደለኝ መንገዱ ነው” አለችኝ።

“መንገድ መድኃኒት ከሆነማ የአልዩ አምባ ነጋዴ ሁሉ ማቱሳላን ይበልጥ ነበር” ብዬ ሳቅኩባት።

“ሳቂ። እኔ ግን አውቄዋለሁ። የሄድኩ ቀን ውኃው አይጠራኝም፤ የተቀመጥኩ ቀን ይጠራኛል።”

አቦን መካዷ አልነበረም። “ያን መንገድ ማን አስጀመረኝ? እሳቸው አይደሉም?” ትል ነበር። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዋን ሁሉ በእግር አደረገችው። ጠዋት ጠበል ትወርዳለች። ውኃ ከቅርቡ ምንጭ መቅዳት ትታ ከሩቁ ትቀዳለች። እህል ስንፈጭ መጁን ከእጄ ትነጥቃለች። ምሳ በልታ መቀመጥን ተወች፤ ጭራሮ ለቀማ ትወጣለች፣ ወይም አንዲት ጎረቤት ጠየቅኩ ብላ ዳገቱን ወጥታ ትመለሳለች። ገበያ ቀን ዕንቁላል ይዛ አልዩ አምባ ትወርዳለች፤ ዕንቁላሉ እዚሁ ደጃችን ይሸጥ የለም ወይ? ይሸጣል። ጎረቤት “እግረ ቀጭኗ” አለቻት። እሷ ትስቃለች።

“ይህን ሁሉ መከራ ለምን?” ብዬ ብጠይቃት፣ “ደምመላሽ ሲመለስ ቆሜ እንዲያገኘኝ ነው” አለችኝ። እፍረት የሚባል አልነበራትም፤ ባሏን ትወደው ነበር።

ቆማም አገኛት። በጥምቀት ሰሞን ዘማቹ እየተመለሰ ነው ሲባል ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁለቱን ወረደች። እስከ አይራራ ወንዝ ድረስ በእግሯ ሄዳ ተቀበለችው። እሱም ባላምባራስ ተብሎ፣ በፈረስ ተቀምጦ፣ ከኋላው አሽከሮች አስከትሎ መጣ። እህቴን ከነአቧራዋ ከመንገዱ ዳር ቆማ ሲያያት ከፈረሱ ወርዶ አቀፋት፤ ጎበዙ ሁሉ እያየው አለቀሰ። አንስቶም ኮርቻው ላይ አስቀመጣትና፣

“ትርፌ፣ ከእንግዲህ እግርሽ አፈር አይነካም” አላት።

የወታደር ሚስት ሆና ስንት ዘመን በባዶ እግሯ እንደ ተንከራተተች ያውቃልና ነው። ከልቡ ነው የተናገረው። እኔም ከልቤ እልል አልኩ።

ትልቅ ቤት ተሠራ። አጥሩ ታጠረ። አመተ ማርያም የምትባል ገረድ መጣች፤ ገብረአብ የሚባል ጎልማሳ አሽከር መጣ። ትርፌ መጁን ስታነሣ አመተ ማርያም ተንበርክካ ከእጇ ትቀበላታለች። “እሜቴ፣ እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?” እንስራ ብታነሣ ያው ነው። የሚገርመው፣ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ሹመቱ ከመጣ ወዲህ “አንተ፣ አንቺ” መባባል ተዉ። እሷ “እርስዎ” አለችው፤ እሱ እየሳቀ “እሜቴ ወይዘሮ” አላት፤ ሲጨነቅ ግን “አንቺ” ከአፉ ያመልጠዋል። እኔም ባላምባራስን በአፌ አንቱ አልኩት፤ በልቤ ግን ያው ደምመላሽ ነው።

የቀራት የጠበሉ መንገድ ብቻ ነበር። እርሱንም ወሬ ደረሰበት። አንድ ቀን ከግብር ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ባልንጀሮቹ “የባላምባራስ ሚስት ከእንጨት ለቃሚ ጋር ዳገት ትወጣለች፤ በቅሎ የሚገዛላት አጣች እንዴ?” ብለው ቀልደውበት ኖሯል። በሳምንቱ በቅሎ ገዛ። በቅሎ ስላችሁ ተራ በቅሎ እንዳይመስላችሁ፤ ኮርቻዋ በቀይ ግምጃ የተሸፈነ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል የተንጠለጠለ፣ ሰጋር በቅሎ። እኔ “በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ” ብዬ ሹመቱን ተረብኩበት። እሱ ሳቀ። ትርፌ አልሳቀችም።

ጠበል በበቅሎ ወረደች፤ በበቅሎ ወጣች። ጥቂት ሰንብታ አመተ ማርያምን “ውኃ አቀብዪኝ” ማለት አበዛች። ልቤ ደነገጠ። እሷ ግን እኔ ካሰብኩት በላይ ብልህ ነበረች። በቅሎዋ ላይ ከግቢ እስከ ጽዱ ትቀመጣለች። ከጽዱ በታች ሰው አያይም፤ እዚያ ስትደርስ “ገብረአብ፣ በቅሎዋ ደከማት፤ ትረፍ” ብላ ትወርዳለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራ ቁልቁለቱን ትያያዘዋለች። እኔ እከተላታለሁ። ስንመለስ ጽዱ ሥር ፊቷን አብሳ፣ ተከናንባ፣ እንደ ወይዘሮ በበቅሎዋ ትገባለች። ገብረአብ ምስጢር የሚይዝ ሰው ነበር። ጥማቷ ለቀቃት፤ እኛም ሦስታችን በተያየን ቁጥር የምንስቅበት ምስጢር ሆነ። የሕይወቷ የመጨረሻ ሳቅ ያ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ዳገቱን ስትወጣ ከኋላዋ ነበርኩ። ድንጋዩ ላይ ደም አየሁ። ቀጥሎ ያለው ድንጋይ ላይም አለ።

“እትዬ፣ እግርሽ!” ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብላ “የትኛው?” አለችኝ።

የትኛው አለች! የቀጋ ጉቶ ተረከዟን ሰንጥቆት እሾሁ እስከ ሥሩ ገብቶ ተሰብሯል፤ እሷ ግን አልተሰማትም። እግሯን ይዤ እሾሁን ስነቅል እንኳ ፊቷ አልተለወጠም። ያን ጊዜ ከደሙ ይልቅ ሕመም የማይሰማት መሆኑ አስፈራኝ።

ነገሩ ወጣ። ደምመላሽ ከአዲሱ ቤት ወለል ላይ የደም ዱካዋን አየ። ገብረአብን ጠራና ጠየቀው፤ ምስኪኑ ጌታውን መዋሸት አቃተው። ይገርፈዋል ብዬ ነበር፤ አልገረፈውም። ወደ እህቴ ሄዶ እግሯ ሥር ተቀመጠና ቁስሉን እያየ አለቀሰ።

“ምን አድርጌሽ ነው ትርፌ? ምን አጉድዬብሽ ነው?”

“ምንም አላጎደሉብኝም ጌታዬ” አለችው።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠበሉ ቤት ድረስ እንዲመጣላት ታዘዘ። ገብረአብ በበቅሎዋ ተቀምጦ ይወርዳል፤ ጠበሉን በገንቦ ቀድቶ፣ አፉን በቅጠል ከድኖ፣ እንደ ታቦት ተጠንቅቆ ያመጣዋል። እህቴ ከመደቡ ሳትወርድ ትጠጣለች፤ ከመደቡ ሳትወርድ ትታጠባለች። መንገዱን የምትሄደው በቅሎዋ ሆነች። በእውነት በቅሎዋ አማረባት።

ቁስሉ አልድን አለ። አባ ወልደአረጋይ ሊጠይቋት የመጡ ቀን እኔንም አመተ ማርያምንም ከቤት ሳታስወጣ ነገሩን አነሣችባቸው።

“አባቴ፣ ይፍቱኝ። ይህ ቁስል ሲጠግግ ‘ጠበሉን በእግርሽ እየሄድሽ ተጠመቂ’ ብለው ይዘዙኝ። እርስዎ ካዘዙ ባሌ አይከለክለኝም።”

“ልጄ፣ አቦ ሩቅና ቅርብ የለባቸውም። ጠበላቸው ባለበት ሁሉ እርሳቸው አሉ። ለምን ትደክሚያለሽ?”

“ለመንገዱ ነው አባቴ። የሚያሽለኝ መንገዱ ነው።”

አባ ወልደአረጋይ መስቀላቸውን አሳለሟት። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ያስቆጣኝ። “መንገድማ ልጄ ወንበዴም ይሄድበታል” አሉ በቀስታ። “ይህን ቃል ከዚህ ቤት አታውጪው። ሰው ክፉ ነው፤ ጠበሉን ነቀፈች ይልሻል። ሕመምተኛ ነሽና ስግደቱንም ጾሙንም አንስቼልሻለሁ። ማር ቅመሺ፣ ቅቤ ቅመሺ፣ አካልሽን አሳርፊ።”

ስግደቱንም አነሡላት! በቤት ውስጥ የቀራት መነሣትና መውደቅ እርሱ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ መናገር ፈልጌ አመተ ማርያም በክርኗ ጎሸመችኝ። ለካህን መልስ አይሰጥም።

ማሩ ደግሞ መጣ። ደምመላሽ ከምንጃር ነጭ ማር አስመጣላት። በጠማት ቁጥር ብርዝ ይቀርብላታል። ብርዙን ስትጠጣ ይብሳል፤ ሲብስ ይጠማታል፤ ሲጠማት ብርዝ ይቀርባል። እሱ በገዛ እጁ ነበር የሚያጠጣት፤ እጁን መግፋት አልቻለችም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ተረከዟን በጨርቅ ጠምጥማ ቤቱን ትዞራለች። ግድግዳውን እየዳበሰች፣ በጓሮ ወጥታ በደጅ፣ በደጅ ወጥታ በጓሮ። “አጥሩ ውስጥ ነኝ” አለችኝ ስታየኝ፤ “ማንም አያየኝ። ይህም መንገድ ነው።” ከዚያ በየማለዳው ዞረች። እኔም አብሬያት ዞርኩ። ጥቂት ቀን ፊቷ ፈካ አለ።

ግን ግቢ ውስጥ ሰው አለ። አመተ ማርያም እየተንሰቀሰቀች ባላምባራስ ዘንድ ገባች። “ጌታዬ፣ እሜቴን ዛር ያዞራቸዋል። ቤቱን ሲዞሩ ያድራሉ።” ማደሩ ውሸት ነው፤ ፍቅሯ ግን እውነት ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደምመላሽ ከደጃፉ ቆሞ ጠበቃት። እያነከሰች ጥጉን ስትዞር ፊት ለፊት አገኘችው። ክንዷን ይዞ፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሥር መደብ አሠርቶላት ኖሮ፣ ባና አንጥፎ አስቀመጣት።

“ተቀመጪልኝ” አላት። “ስለ እኔ ብለሽ ተቀመጪልኝ።”

“እንዳሉ ጌታዬ” አለችው።

እኔ አልቻልኩም። ተከትዬው ሄድኩና፣ “ባላምባራስ፣ ይተዋት፤ ትዙር። እርስዎ ዘማች ሳሉ ያዳናት መሄድ ነው። ዓይኔ አይቷል” አልኩት።

“እናናየሁ” አለኝ፤ አልተቆጣም። “በሐረር በረሃ እግሩ እየቆሰለ የተጓዘ ስንት ጎበዝ እንዳስቀረሁ ታውቂያለሽ? አሸዋ ያለበስኩት በእጄ ነው። አንዱም በጥይት አልሞተም፤ መሄድ ነው የገደላቸው። አሁን የሚስቴ እግር እየቆሰለ ‘ትሂድ’ ልበል?”

እኔ የማውቀው የእህቴን ጥማትና የጌሾ ሥር ጉንዳን ነው። እሱ ደግሞ የቀበረውን ሰው ያውቃል። ወጣሁና ቁጣዬን በእሷ ላይ አወረድኩት።

“ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል! ለምን አትነግሪውም? አንቺ ብትነግሪው ይሰማል።”

“ምን ብዬ?” አለችኝ። “ያ ሰው በረሃ የወረደው ለእኔ ክብር ሊያመጣልኝ ነው። አሁን ክብርህን መልሰህ ውሰደው፣ እንጨት ለቃሚ አድርገኝ ልበለው? ባልንጀሮቹ ይሥቁበታል እናናየሁ።”

“ይሣቁበት!”

“ለአንቺ ቀላል ነው” አለችኝና ዓይኗን ጨፈነች።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይህ ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ደምመላሽ ፀሐዩ ሲዞር ባናውን ያዞርላታል። ክረምቱ ገባ። ቁስሉ ከተረከዟ ወደ ላይ ጠቆረ። ዓይኗ ደከመ፤ እኔን በድምፄ ነበር የምትለየኝ። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ከአጥሩ ሥር ጉንዳኑን አየሁት፤ እንደ ጥንቱ መንገድ አውጥቶ ይሄዳል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ለማን ልናገር? በዚህ ግቢ የጉንዳኑን ነገር የሚያውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን።

መስከረም ሲጠባ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይደርቅ፣ ደምመላሽ ብርዙን ይዞ ሲቀርብ ጽዋውን በእጇ ገለል አደረገችው።

“ደምመላሽ” አለችው። ባላምባራስ አላለችም፤ ጌታዬ አላለችም። “አንተ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በእግሬ ወደ አቦ ጠበል ውሰደኝ።”

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ገንቦውን፣ ክረምቱን፣ ጽዱን፣ ጉንዳኑን። እሱ ዘምቶ ሳለ ልትሞት ደርሳ እንደ ነበረ፣ ቆማ ልትቀበለው ስትል ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣች። ጥቂት ትናገራለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። እሱ ጽዋውን እንደያዘ ቀረ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፣

“እውነት ነው?” አለኝ።

“ነግሬዎት ነበር” ማለት እችል ነበር። ፊቱን አይቼ አልቻልኩም። “እውነት ነው ጋሼ” አልኩት።

ጽዋውን አስቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ወገቧን አቅፎ አነሣትና በደጅ ወጣን። ገብረአብ በቅሎዋን ሲስብ እሷ በቃጭሉ ድምፅ አውቃ “በቅሎዋ ትቅር” አለች። ሰው ከየደጁ ወጥቶ አየን፤ ባላምባራስ በባዶ እግሩ፣ ሚስቱን ደግፎ፣ በጭቃ ሲሄድ። አንድም የሣቀ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን የፈራነው ሣቅ የለም ነበር።

ጽዱ ድረስ ሄደች። በእግሯ ሄደች፤ ይህን ማንም አይነጥቃትም። ጽዱ ሥር ስንደርስ ጉልበቷ ታጠፈ። “እዚህ ድረስ መጣሁ” አለች፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏት። ደምመላሽ አጎንብሶ አዘላት። ቁልቁለቱን እሱ ወረደ፣ ጅረቱን እሱ ተሻገረ፣ ዳገቱን እሱ ወጣ፤ ሲያስለው፣ ሲያልበው፣ ሳያወርዳት። እሷ ጀርባው ላይ ነበረች። ዓይኗን ሳትከፍት “ምን ያደርጋል፤ አሁንም የሄድከው አንተ ነህ” ስትለው ሰማሁ።

የአቦ ዕለት ሳይደርስ ሞተች።

ለቅሶዋ ላይ እንደ ትልቅ ሰው ወግ በቅሎዋ በቀይ ግምጃ ተሸልማ፣ ኮርቻዋ ባዶ ሆኖ፣ ፊት ፊት ተመራች። አልቃሽ “እግርሽ አፈር ሳይነካ” ብላ አወደሰቻት። እኔ ደረቴን መምታት ትቼ ጆሮዬን ያዝኩ።

ተዝካሯ በአርባዋ ከወጣ በኋላ ደምመላሽ አንድ ጠዋት በእግሩ ወጥቶ ሄደ። በማግስቱም ሄደ። በቅሎዋ ዳግመኛ ኮርቻ አልተጫነባትም፤ ሣር እየበላች አረጀች። እሱ ጠዋት ጠዋት እስከ አቦ ጠበል ወርዶ ይመለሳል፤ ጠበሉን አይጠጣም፣ አይጠመቅም። በዝናብም ይሄዳል፣ በብርድም ይሄዳል። ባልንጀሮቹ አእምሮውን ነካው አሉ። አባ ወልደአረጋይ ሳይቀሩ ሊያስተዉት ሞከሩ። “የእሷን መንገድ ነው የምሄድላት” ይላል፤ ሌላ መልስ የለውም።

ዓመታት አለፉ። ክፉ ቀን መጥቶ አለፈ፤ አባ ወልደአረጋይ አረፉ፤ በግብር ላይ ይቀልዱበት የነበሩት ባልንጀሮቹ አንዱ በሪህ፣ አንዱ በልብ፣ አንድ በአንድ ከመደባቸው ሳይነሡ ሞቱ። ደምመላሽ ሸበተ እንጂ አልጎበጠም። ዳገቱን ሲወጣ ጎልማሳ ይቀድማል። መሞት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ጤና ሲሰጠው አይቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ጽዱ ሥር ቆሞ አገኘሁት፤ ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። ልክ እሷ ትቆምበት በነበረው ቦታ ነው።

“እናናየሁ፣ እውነቷን ነበር” አለኝ። “መንገዱ ያድናል።”

ይህን ብሎ እዚያው ጽዱ ሥር ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣሁትም።